ጆሴፍ ሊስተር፤ ጀርምን ገድሎ ሥጋን ያዳነ ሐኪም

በዚህ መጽሔት በየዓመቱ የአንድ ታላቅ ሰው ታሪክ ይጻፋል። ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ነገሥታትና ስለ ጦር አለቆች ነው። እኔ ግን ዘንድሮ ሰይፍ ስላልታጠቀ፣ በዙፋን ላይም ስላልተቀመጠ፣ ነገር ግን እጅግ ብዙ ሕይወት ስላተረፈ አንድ ሐኪም ልጽፍ ወደድሁ። ይህ ሰው እንግሊዛዊው ጆሴፍ ሊስተር ነው። የመረጥሁትም ታሪኩ ደስ ስላሰኘኝ ብቻ አይደለም፤ እኔ ራሴ በእኅቴ ላይ የሠራሁት አንድ ጥፋት ወደ እርሱ ስለ መራኝ ነው። ስለዚህ አስቀድሜ ጥፋቴን እናገራለሁ። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውንም እንድታስተውሉልኝ እለምናለሁ።

ባለፈው ክረምት መዘዞ እንደ ልማዷ በጉም ተሸፍና፣ ዝናቡም ሌት ተቀን ሲወርድ፣ የ11 ዓመት ታናሽ እኅቴን መንጋጋዋ ያማት ጀመር። ጥርሷ ከቆየ ጊዜ ጀምሮ የተቦረቦረ ነበረ። እናቴ በቅርንፉድና በነጭ ሽንኩርት ሞከረች። አንዲት ጎረቤታችን የሆኑ ባልቴት ደግሞ ጥጥ በአረቄ ነክራ እንድትይዝ መከሩ። ሕመሙ ለጥቂት ጊዜ ጋብ ይልና እንደገና ይነሣል። በሦስተኛው ሌሊት እኅቴ በባና ተጠቅልላ ስታለቅስ፣ እኔ በትምህርት ቤት የተማርሁት ትዝ አለኝ። ጥርስ የሚበሰብሰው በዓይን በማይታዩ ጀርሞች ሥራ ነው፤ በረኪና ደግሞ ጀርም ይገድላል። እንግዲያው በረኪና የጥርሱን ጀርም ቢገድለው ሕመሙ ይቆማል ብዬ ፈረድሁ። ለልብስ ማጠቢያ ከተገዛው ጠርሙስ ጥጥ ነከርሁና፣ አንዲት ጠብታ ውሃ እንኳ ሳልጨምር፣ በጥርሷ ላይ አድርጌ ነክሳ እንድትይዘው አዘዝኋት። እርሷም ታላቋ ስለ ሆንሁና የተማርሁ ስለ መሰላት እሺ አለች።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ ጩኸቷ ቤቱን ሞላው። እናቴ ጥጡን አውጥታ አፏን በብዙ ውሃ አጠበቻት፤ ነገር ግን ዘግይተን ነበር። ሲነጋ ድዷና የጉንጯ ውስጥ ነጭ ሆኖ ተልጦ፣ ከንፈሯም አብጦ አየነው። በመጀመሪያው መኪና ወደ ደብረ ብርሃን ወሰድናት። በመንገድ ላይ እናቴ አንድም ቃል አልተናገረችኝም፤ እኔ ግን ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበረ።

የጥርስ ሐኪሙ እኅቴን ከረዱ በኋላ ምን እንደ ተደረገ ጠየቁኝ፤ እኔም ሳልደብቅ ነገርኋቸው። ከዚያ በኋላ የነገሩኝ ነገር እስከ ዛሬ ያስደንቀኛል። እርሳቸውም ራሳቸው በየቀኑ የጥርስ ሥር ሲያክሙ ያንኑ በበረኪና ውስጥ ያለውን ነገር፣ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት የሚባለውን፣ ይጠቀማሉ። ነገር ግን በልክ አቅጥነው፣ ጥርሱን ከቀረው አፍ በላስቲክ ለይተው፣ በመርፌ ቀስ አድርገው እየጨመሩ፣ ወዲያውም እየመጠጡ ነው። ጀርም የሚገድል ነገር ማግኘት ቀላል ነው፤ ጀርሙን ገድሎ ሰውየውን የማይጎዳ ማግኘት ግን ከመቶ ዓመት በላይ የፈጀ ትግል መሆኑን አስረዱኝ። የዚህንም ትግል መጀመሪያ ማወቅ ብፈልግ የሊስተርን ታሪክ እንዳነብ መከሩኝ። እኔም ያገኘሁትን ሁሉ አነበብሁ፤ የተረዳሁትንም እነሆ ለናንተ አቀርባለሁ።

ጆሴፍ ሊስተር እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 5 ቀን 1827 ከሎንዶን አጠገብ አፕተን በምትባል መንደር ተወለደ። ወላጆቹ ኩዌከር ከሚባለው የክርስቲያን ማኅበር ነበሩ። የዚህ ማኅበር ሰዎች በአለባበሳቸው ቁጥቦች፣ በንግግራቸው ጭምቶች፣ ጦርነትንም የሚጠሉ ናቸው። አባቱ የወይን ጠጅ ነጋዴ ሲሆን ከንግዱ በሚተርፈው ጊዜ የማይክሮስኮፕን መስተዋት ያሻሽል ነበረ። በዚህም ሥራው በሊቃውንት ዘንድ የታወቀ ሆነ። ልጁ ስለዚህ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ዓይን የማያየውን ትንሽ ነገር በመስተዋት ማየትን ለመደ። ኋላ ሌሎች ሐኪሞች በማይታይ ነገር አናምንም ሲሉ እርሱ ያለ ችግር ያመነው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

በዚያን ዘመን ኩዌከሮች ወደ ኦክስፎርድና ወደ ካምብሪጅ ለመግባት የሃይማኖት መሰናክል ነበረባቸው። ስለዚህ ሊስተር በሎንዶን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተማረ። በተማሪነቱ ጊዜ ፈንጣጣ ይዞት ነበረ፤ ከዚያም መንፈሱ ታውኮ ለጥቂት ጊዜ ትምህርቱን እስከ ማቋረጥ ደረሰ። ነገር ግን ተመልሶ በ1852 የሕክምና ትምህርቱን ጨረሰ። በሚቀጥለው ዓመት ወደ ስኮትላንድ ሄዶ በኤዲንበርግ ከታወቀው የቀዶ ሕክምና ሊቅ ከጄምስ ሳይም ጋራ መሥራት ጀመረ። በ1856 የሳይምን ልጅ አግነስን አገባ። እርሷ ኩዌከር ስላልነበረች እርሱ ከማኅበሩ ወጣ። ልጅ አልወለዱም። አግነስ ግን የቤት እመቤት ብቻ አልነበረችም፤ በምርመራው ሁሉ አብራው ትሠራ፣ የሚናገረውንም ለብዙ ሰዓት ትጽፍለት ነበረ። የሊስተርን ስም የሚያነሣ ሁሉ የእርሷንም ስም ቢያነሣ ተገቢ ነው።

በ1860 ሊስተር በግላስጎው ዩኒቨርሲቲ የቀዶ ሕክምና ፕሮፌሰር ሆነ፤ በሚከተለውም ዓመት በከተማው ታላቅ ሐኪም ቤት ሥራ ጀመረ። በዚያን ጊዜ ሐኪም ቤት ምን ይመስል እንደ ነበረ ማወቅ ያስፈልጋል። በሽተኛን የሚያደነዝዝ መድኃኒት ኤተር ከ1846 ጀምሮ ስለ ተገኘ ቀዶ ሕክምና ያለ ሥቃይ ማድረግ ተችሎ ነበረ። ሆኖም ሐኪሞች ከቀድሞው ይልቅ በድፍረት እየቀደዱ፣ በሽተኞቹ ደግሞ ከቀዶው በኋላ በቁስል መመርቀዝ ይሞቱ ነበረ። ሐኪሞቹ ደም የደረቀበትን አሮጌ ኮት ለብሰው ይቀድዳሉ፤ ቢላዋውም ከአንዱ በሽተኛ ወደ ሌላው በቅጡ ሳይታጠብ ይተላለፋል። መግል ደግሞ የመዳን ምልክት ነው ተብሎ ይታመን ነበረ። ሊስተር በሚሠራበት ሕንጻ አጠገብ በ1849 በኮሌራ የሞቱ ሰዎች ሬሣ ሣጥን ከመሬቱ በታች በጥቂት ጥልቀት ተቀብሮ ተገኝቷል። እርሱ ራሱ በዝርዝር እንዳስቀመጠው፣ በአዲሱ ዘዴ ከመጠቀሙ በፊት በ1864ና በ1866 እጅ ወይም እግር ከተቆረጠላቸው 35 በሽተኞች መካከል 16ቱ ሞተዋል። ይህም ከመቶ 46 ያህል መሆኑ ነው።

ሊስተር አንድ ነገር አስተዋለ። አጥንቱ ተሰብሮ ቆዳው ያልተቀደደ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። አጥንቱ ቆዳውን ቀድዶ የወጣ ግን ቁስሉ ይመረቅዝና እግሩ ይቆረጣል፤ አለዚያም ይሞታል። ስብራቱ አንድ ነው፤ ልዩነቱ ቆዳው ብቻ ነው። እንግዲህ ከውጭ የሚገባ አንድ ነገር አለ ማለት ነው። ይህ ነገር ምን እንደ ሆነ ሲመረምር ሳለ፣ በ1865 ቶማስ አንደርሰን የሚባል የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የፈረንሳዊውን የሉዊ ፓስተርን ሥራ እንዲያነብ መከረው። ፓስተር ወተትና ጠጅን የሚያበላሹ በአየር ውስጥ ከአቧራ ጋራ የሚበሩ ጥቃቅን ነፍሳት መሆናቸውን አሳይቶ ነበረ። ሊስተርም ወተቱን የሚያበላሸው ያ ነገር ቁስልንም የሚያበላሽ ነው ብሎ ደመደመ።

ፓስተር እነዚህን ነፍሳት ለማስወገድ ሦስት መንገድ አመልክቷል። አንደኛው መቀቀል፣ ሁለተኛው ማጥለል፣ ሦስተኛው በኬሚካል መግደል ነው። ሊስተር ሰውን መቀቀል አይችልም፤ ማጥለልም እንዲሁ። የቀረው ሦስተኛው መንገድ ብቻ ነው። ችግሩም ሁሉ የሚጀምረው ከዚህ ነው፤ ጀርም ሕይወት ያለው ነገር ነው፣ የሰው ሥጋም ሕይወት ያለው ነገር ነው። አንዱን የሚገድል መርዝ ሌላውን እንዴት አይነካም? እኔ በዚያች ሌሊት በረኪናውን ስነክር ያልጠየቅሁት ጥያቄ ይህ ነበረ።

ካርላይል በምትባል ከተማ የፍሳሽን ሽታ ለማጥፋት ካርቦሊክ አሲድ የሚባል ከድንጋይ ከሰል ቅጥራን የሚወጣ ነገር ይጨመር ነበረ። በዚያ ፍሳሽ በሚጠጣ መስክ የሚግጡት ከብቶችም ከበሽታ መዳናቸው ተወራ። ሊስተር ይህን ሰምቶ ካርቦሊክ አሲድን በቁስል ላይ ለመሞከር ቆረጠ። የመጀመሪያው ሙከራው አልተሳካም። ነሐሴ 12 ቀን 1865 ግን ጄምስ ግሪንሊስ የሚባል የ11 ዓመት ልጅ የጋሪ መንኰራኵር እግሩን ሰብሮት መጣ። አጥንቱ ቆዳውን ቀድዶ ነበረ። ሊስተር በካርቦሊክ አሲድ የተነከረ ጨርቅ በቁስሉ ላይ አኖረ፤ እግሩንም በእንጨት አሰረው። ከአራት ቀን በኋላ ሲፈታው የመግል ሽታ የለም፤ ነገር ግን በቁስሉ ዙሪያ ያለው ቆዳ ቀልቶ ነበረ።

አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እንቁም። ሊስተርም እንደ እኔ መድኃኒቱን ውሃ ሳይጨምርበት ነበረ የጀመረው። የልጁም ዕድሜ የእኅቴ ዕድሜ ነው። ታዲያ በሊስተርና በእኔ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? እርሱ ቁስሉን አስሮ አልተኛም። ፈትቶ አየ፤ መቅላቱ ከምርቀዛ ነው ወይስ ከመድኃኒቱ ነው ብሎ ጠየቀ። ከመድኃኒቱ መሆኑንም ተረዳ። ስለዚህ ከዚያ በኋላ ካርቦሊኩን በውሃ፣ ቀጥሎም በዘይት እያቀጠነ አደረገለት። ከስድስት ሳምንት በኋላ የግሪንሊስ አጥንት ገጥሞ ልጁ በሁለት እግሩ ከሐኪም ቤት ወጣ።

ሊስተር በሁለት ዓመት ውስጥ 11 እንዲህ ያሉ በሽተኞችን አከመ። ከእነዚህ 9ኙ እግራቸውን ይዘው ዳኑ፤ አንዱ እግሩ ተቆረጠ፤ አንዱ ሞተ። ይህንንም በ1867 ላንሴት በሚባለው የሐኪሞች መጽሔት አሳተመ። በዚያው ዓመት እኅቱ ኢዛቤላ በጡቷ ላይ ካንሰር ወጣባት። ሌሎች ሐኪሞች ለመቅደድ ፈሩ። ሊስተር እጅግ እየተጨነቀ በገዛ ቤቱ ውስጥ ራሱ ቀደዳት። ቁስሏ ሳይመረቅዝ ዳነ፤ እርሷም ሦስት ዓመት ያህል ኖረች። ይህን ሳነብ የሁለታችን እኅቶች በልቤ አብረው ታዩኝ። እርሱ ለእኅቱ እጁን ያነሣው ሁለት ዓመት ሙሉ ከሞከረ፣ ከለካና ከጻፈ በኋላ ነበረ።

የመድኃኒቱንም አቀማመጥ እያሻሻለ ሄደ። አንድ እጅ ካርቦሊክ በአራት እጅ የተልባ ዘይት ውስጥ አሟሙቶ፣ ከጠመኔ ዱቄት ጋራ አቦክቶ፣ እንደ ሊጥ ያለ ልጥፍ ሠራ። በዘይቱ ውስጥ ያለው ካርቦሊክ ቀስ በቀስ ስለሚወጣ ጀርሙን ይከላከላል፤ ሥጋውን ግን እንደ ጥሬው አያቃጥልም። ተልባና ጠመኔ ለእኛ እንግዳ ነገሮች አይደሉም፤ አንዱ ከእናቶቻችን ጓዳ፣ ሌላው ከጥቁር ሰሌዳችን ሥር ይገኛሉ። ኋላም የውሃውን ልክ ወስኖ፣ ለመሣሪያና ለቆዳ አንድ እጅ በ20፣ ለእጅና ለቁስል ደግሞ አንድ እጅ በ40 አደረገ። አንዱ ልክ ለሁሉ እንደማይሆን፣ ብረት የሚችለውን ሥጋ እንደማይችል በዚህ አሳየ።

ከዚህም የበለጠ ያስደነቀኝ ሌላው ዘዴው ነው። ካርቦሊክ ጀርም ቢገድልም እርሱ ራሱ ቁስሉን እየቆጠቆጠ መዳኑን እንደሚያዘገይ ሊስተር ተገነዘበ። ስለዚህ በመጀመሪያ ቁስሉን አንድ ጊዜ አጥቦ ጀርሙን ይገድላል። ከዚያ በኋላ በዘይት የተለበጠ ቀጭን ሐር በቁስሉ ላይ ያኖርና፣ መድኃኒት ያለበትን ፋሻ ከሐሩ በላይ ያስራል። በዚህ ዓይነት መድኃኒቱ ከውጭ የሚመጣውን ጀርም እንደ ዘበኛ ይጠብቃል፤ አዲስ የሚያቆጠቁጠውን ሥጋ ግን አይነካም። በ1867 ከተጀመረው ሦስት ዓመት ውስጥ እጅ እግራቸው ከተቆረጠ 40 በሽተኞች የሞቱት 6 ብቻ ሆኑ። ከመቶ 46 የነበረው ሞት ወደ 15 ወረደ ማለት ነው።

ነገር ግን ሁሉ ወዲያው አላመነውም። በሎንዶን ያሉ ብዙ ሐኪሞች አፌዙበት። አንዳንዶቹም ዘዴውን በደንብ ሳይማሩ፣ ካርቦሊኩን ያለ ልክ እያፈሰሱ ሥጋውን ካቃጠሉ በኋላ የሊስተር መድኃኒት አይረባም ብለው ተናገሩ። ሊስተር ግን ቁጣ አያውቅም ነበረ፤ ለተቃዋሚዎቹ የሚመልሰው በዳኑት በሽተኞች ቁጥር ነው። በ1869 ወደ ኤዲንበርግ ተመለሰ፤ በ1871 የንግሥት ቪክቶሪያን የብብት እብጠት ቀድዶ አዳነ። በ1877 ወደ ሎንዶን ኪንግስ ኮሌጅ ተዛወረና ዋነኞቹ ተቃዋሚዎቹ ባሉበት ከተማ የተሰበረ የጉልበት ሎሚን ከፍቶ በብር ሽቦ ገጠመ። በሽተኛው ዳነ፤ ብዙዎችም አመኑ።

የዚህ ሰው ታላቅነት ይበልጥ የሚታየው ግን በስሕተቱ ነው። በ1871 ሊስተር በአየር ያለውን ጀርም ለመግደል ካርቦሊክን እንደ ጉም የሚረጭ መሣሪያ አወጣ። በቀዶ ሕክምና ክፍል ውስጥ ያለው ሁሉ ያንን ጉም ይተነፍስ ነበረ። ሐኪሞቹ ይስላሉ፤ ዓይናቸው ያለቅሳል፤ እጃቸው ነጥቶ ይደነዝዛል፤ ይሰነጣጠቃልም። ከዓመታት በኋላ ግን ቁስልን የሚያመረቅዘው ጀርም በአብዛኛው ከአየር ሳይሆን ከእጅና ከመሣሪያ የሚመጣ መሆኑ ታወቀ። በ1890 በርሊን ላይ ከብዙ አገር የመጡ ሐኪሞች በተሰበሰቡበት ጉባኤ ሊስተር መሣሪያውን መተዉን አስታወቀ፤ ያንን በመምከሩም ማፈሩን በግልጽ ተናገረ። ዓለም ሁሉ የሚያከብረው የ63 ዓመት ሰው በጉባኤ ፊት ተሳስቻለሁ ሲል ማሰብ እንዴት ያስደንቃል! እኔ በእናቴ ፊት ያንኑ ለመናገር ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል።

በዚያው ጊዜ ሌሎች ሐኪሞች የእርሱን ሐሳብ ወደ ፊት ወሰዱት። ጀርመኖች መሣሪያንና ፋሻን በእንፋሎት መቀቀል ጀመሩ፤ ብረት እሳትን ይችላልና። በአሜሪካ ሐኪሙ ዊልያም ሃልስተድ፣ የጀርም መድኃኒት እጇን ላበላሸባት ነርስ የላስቲክ ጓንት አሠራላት፤ ጓንቱም ቀስ በቀስ የሐኪሞች ሁሉ ልብስ ሆነ። እንግዲህ ዛሬ በጥርስ ሐኪም እጅ ላይ የምናየው ጓንት ጀርምን ለመከላከል ከመዋሉ በፊት፣ ጀርም ገዳዩን መድኃኒት ለመከላከል የተሠራ ነበረ ማለት ነው።

በአገራችንም ያ ዘመን ብዙ ነገር የተደረገበት ነው። ሊስተር ግሪንሊስን ባከመበት በ1865 ክረምት ወጣቱ ምኒልክ ከመቅደላ አምልጠው ወደ ሸዋችን ተመለሱ። በ1868 ከመቅደላ በእንግሊዞች የተወሰደው ሕፃን ወርቅነህ እሸቴ በህንድ አገር አድጎ የሊስተር ዘዴ በሚስፋፋበት ዘመን ሕክምና ተማረ፤ ኋላም ሐኪም ወርቅነህ ተብለው አገራቸውን አገለገሉ። ከዓድዋ ድል በኋላ በ1896 ደግሞ የሩሲያ ቀይ መስቀል ሐኪሞች መጥተው ቁስለኞቻችንን አከሙ።

ሊስተር በሕይወቱ ሳለ ክብርን አየ። በ1892 በፓሪስ በፓስተር 70ኛ ዓመት በዓል ላይ ተገኝቶ ሁለቱ ሽማግሌዎች በሕዝብ ፊት ተቃቀፉ። ከ1895 እስከ 1900 የእንግሊዝ ሮያል ሶሳይቲ ፕሬዚዳንት ሆነ፤ በ1897 የሎርድነት ማዕርግ ተሰጠው። ነገር ግን በ1893 አግነስ በኢጣልያ አገር በሳንባ ምች ከሞተችበት በኋላ የቀድሞው ደስታው አልተመለሰም። የካቲት 10 ቀን 1912 በ84 ዓመቱ ዐረፈ። ታላላቅ ሰዎች በሚቀበሩበት በዌስትሚንስተር ሊቀበር ሲችል፣ በኑዛዜው መሠረት በሚስቱ አጠገብ ተቀበረ። በ1879 በአሜሪካ የወጣው ሊስተሪን የሚባለው የአፍ መጉመጥመጫ ስሙን የወሰደው ከእርሱ ነው፤ የሠራው ግን እርሱ አይደለም።

የሊስተር ሕይወት በዚህ ቢፈጸምም ጥያቄው አልተፈጸመም። እርሱ በሞተ በሁለት ዓመቱ አንደኛው የዓለም ጦርነት ተነሣ። በምሽግ ውስጥ ጭቃ የገባበት ቁስል ይመረቅዝ ጀመር። ሐኪሞቹም ብርቱ መድኃኒት በላዩ ያፈሱ ነበረ። አሌክሳንደር ፍሌሚንግ፣ ኋላ ፔኒሲሊንን ያገኘው፣ በፈረንሳይ አገር በወታደሮች ሐኪም ቤት ሲሠራ ነገሩን መረመረ። ብርቱው መድኃኒት በቁስሉ ጥግ ጥግ የተደበቀውን ጀርም ሳይደርስበት፣ ጀርሙን የሚዋጉትን ነጭ የደም ሕዋሳት እንደሚገድል አሳየ። ጠላትን ለመምታት ተተኩሶ የገዛ ዘበኛን እንደ መግደል ነው።

በ1915 ኬሚስቱ ሄንሪ ዴኪን ለዚህ መልስ አገኘ። እርሱ የመረጠው ያንኑ የበረኪናውን ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነበረ። ተራው በረኪና ከመቶ 5 ያህል የሚሆን ሃይፖክሎራይት አለው፤ እንዳይበላሽ ደግሞ ኮስቲክ ሶዳ ይገኝበታል። ሥጋን የሚያቃጥለው አንድም ብርታቱ፣ ሁለትም ይህ ሶዳ ነው። ዴኪን ብርታቱን ወደ ከመቶ ግማሽ አወረደ፤ የሶዳውን ኃይል በቦሪክ አሲድ ሰበረ። እንዲህ የቀጠነ መድኃኒት ግን ከደምና ከመግል ጋራ ሲገናኝ ቶሎ ይደክማል። ስለዚህ አሌክሲ ካረል የተባለ ሐኪም በቀጭን የላስቲክ ቱቦ በየሁለት ሰዓቱ አዲስ እንዲጨመር አደረገ። በብርታት ያጡትን በመደጋገም አገኙት።

የጥርስ ሐኪሞች የወረሱት ይህን ጥበብ ነው። የበሰበሰ ጥርስ ሥር እንደ ፀጉር የቀጠነ መንገድ አለው፤ ቅርንጫፉም ብዙ ነው። መርፌና ሞረድ ወደዚያ ሁሉ አይደርስም። ሃይፖክሎራይት ግን እዚያ ገብቶ ጀርሙን ይገድላል፤ የሞተውንም ሥጋ ያሟሟል። በጥርሱ ውስጥ እስካለ ድረስ የጥርሱ ግድግዳ እንደ ጋን ይይዘዋል፤ ስለዚህ ከዴኪኑ የበረታም ይችላል። ከሥሩ ጫፍ አልፎ ወደ ሕያው ሥጋ ቢፈስስ ግን ብርቱ ሕመም፣ እብጠትና ደም መፍሰስ ያመጣል። በዚህ ምክንያት አንዳንዱ ሐኪም ከመቶ ግማሽ፣ ሌላው እስከ ከመቶ 5 ድረስ ይጠቀማል። ክሎርሄክሲዲን የሚባል ሌላ መድኃኒትም አለ። እርሱ ለሥጋ ይለዝባል፤ ከመቶ 0.2 በሆነ ልክም ለመጉመጥመጫ ያገለግላል። ነገር ግን የሞተ ሥጋን አያሟሟም። ከሃይፖክሎራይት ጋራ ሲገናኝም ቡናማ ዝቃጭ ስለሚሠራ ሁለቱ አይቀላቀሉም። እንግዲህ ሁሉን የሚያሟላ አንድ መድኃኒት እስከ ዛሬ የለም። ያለው ልክን፣ ጊዜንና ቦታን አውቆ መምረጥ ነው።

እኅቴ በሁለት ሳምንት ውስጥ ድዷ ዳነላት። ከዚያም ሐኪሙ ጥርሷን ሳይነቅሉ በሦስት ቀጠሮ ሥሩን አጽድተው ደፈኑላት። በሁለተኛው ቀጠሮ አብሬ ገብቼ አየሁ። ሐኪሙ ላስቲኩን በጥርሷ ዙሪያ ከዘረጉ በኋላ የበረኪናው ሽታ ክፍሉን ሲሞላው እኅቴ እጄን ጨብጣ ዞር ብላ አየችኝ። ያንን ሽታ አልረሳችውም። ሐኪሙ ግን ቀስ አድርገው ጨመሩ፤ ጠበቁ፤ መጠጡ። እርሷም አላለቀሰችም። ያቺን ሌሊት ያቃጠላትና ያን ቀን ጥርሷን ያተረፈላት አንድ ነገር ነው።

የትምህርት ቤት ጓደኞቼ ሆይ፤ ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንድትይዙ እለምናችኋለሁ። አንደኛው ለቤታችን ነው። በረኪና ለጥርስም ለቁስልም በቤት ውስጥ አይደረግም፤ ከሎሚ ወይም ከሆምጣጤም ጋራ አይደባለቅ፤ መርዛም ጋዝ ይወጣዋልና። አንድ ሰው በስሕተት አፉን ቢያስነካው ወዲያው በብዙ ውሃ ታጥቦ ወደ ሐኪም ይሂድ። ጥርስ ሲያም በጊዜው መታየት፣ ሳያምም በመፋቂያ ወይም በብሩሽ ማጽዳት ይሻላል።

ሁለተኛው ለትምህርታችን ነው። እኔ ጀርም እንደሚገድል ማወቄን ሙሉ ዕውቀት አድርጌ ቈጥሬው ነበረ። ሊስተርም የጀመረው ከዚያው ዕውቀት ነው፤ እርሱ ግን ፋሻውን ፈትቶ የቀላውን ቆዳ አየ፤ ያየውንም አልደበቀም። በሚመጣው ዓመት እግዚአብሔር ቢፈቅድ ፈተናዬን አልፌ ሕክምና ለመማር አስባለሁ። ይህ ከተሳካልኝ ከሁሉ በፊት የምይዘው ያ የግላስጎው ሐኪም በአራተኛው ቀን የጠየቀው ጥያቄ ነው፤ ይህ መቅላት ከበሽታው ነው ወይስ ከእኔ?